«መጣሁ» ተብሎ የተረሳ ገበታ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ መስተንግዶ

ይህን ዓምድ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ጀምሬ፣ በኋላም ኮምቦልቻ ወርጄ የመመገቢያ አዳራሽ ኃላፊ ሆኜ፣ በጠቅላላው 22 ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ብዕር ያነሳሁት ጉልበቴ መቆም ሲያቅተው ነው። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ከሁሉም በላይ ስለከነከነኝ መልሴ ረዘም ይላል።

«እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አዲስ አበባ የምሠራ ሰው ነኝ። ባለፈው ጥር ለእረፍት ስመጣ እናቴንና አብረውኝ የመጡ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ከተማችን ውስጥ ስሙ ወደተጠራ ምግብ ቤት ሄድኩ። ለእኛ የበግ ጥብስ፣ ለእናቴ ቅቅል አዘዝን። አስተናጋጁ ‹እጃችሁን ታጠቡ፣ መጣሁ› ብሎ ሄደ። ታጥበን ተቀመጥን። ከእኛ በኋላ የገቡ ሰዎች በልተው ወጡ። 50 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ መጥቶ ‹ቅቅል አልቋል› አለን። ጥብሱ ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጣፋጭ ነበር። እናቴ ግን ሁለት ጊዜ ቆርሳ እጇን ሰበሰበች። እስከ ዛሬ የዚያ ቤት ስም ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። ምግቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የተቀየምነው ለምን ይሆን? አብዝተነው ይሆን?»
ቅር ያለው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ አላበዛችሁትም። እናትህ የተቀየሙበትን ነገር ያገኘሁት ከደብዳቤህ ውስጥ አንተ እንደ ዋዛ ካለፍከው ቃል ነው፤ «እጃችሁን ታጠቡ» ከሚለው።

በእኛ ቤት እጅ የሚታጠበው መቼ ነው? ወጡ ከምድጃ ወርዶ፣ እንጀራው ተዘርግቶ፣ መሶቡ ሲቀርብ ነው። ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ ሲዞር ያየ ሰው ምግቡ እንደደረሰ ያውቃል፤ ወሬውን ይቋጫል፣ እጅጌውን ይሰበስባል። እጅ ማስታጠብ ቃል መግባት ነው። አስተናጋጁ ያንን ቃል ገብቶላችሁ ሄደ። ደሴ በጥር ምን እንደምትመስል ታውቃለህ፤ የጦሳ ተራራ ብርዱን ቁልቁል ይለቀዋል። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ እጅ ምንም ሳይነካ 50 ደቂቃ ሲቀመጥ አስበው። ለምግብ የተዘጋጀ እጅ ነውና ነጠላ አያስተካክሉበት፣ ልጅ አይዳብሱበት። እናትህ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ይዘው እንደነበር ሳላያቸው ይታየኛል።

በዚያ ላይ ጋባዡ አንተ ብትሆንም የገበታው ባለቤት እሳቸው ነበሩ። ከተማው የእሳቸው ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆችም የእሳቸው እንግዶች ናቸው። ሂሳቡን ማንም ይክፈል ማን፣ እንግዳ ተርቦ ፊታቸው ሲቀመጥ ያፈሩት እሳቸው ናቸው። ጥብሱ ሲመጣ ርሀባቸው አልጠፋም ነበር፤ ያልዋጠላቸው ኀፍረቱ ነው።

ስለ ቅቅሉ ደግሞ የወጥ ቤቱን ነገር ልንገርህ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ስለዚህ አጥንት ያለው ሥጋ ዘግይቶ ይበስላል። ኮምቦልቻ ስንወርድ ከእኔ ጋር የመጣችው ወጥ ሠሪ ሥጋው ከለመደችው ሰዓት ቀድሞ እየበሰለባት ደጋግማ ክዳን ትከፍት ነበር። በደሴ የምሳ ቅቅል በጠዋት ካልተጣደ የለም። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያለቀም በዚያ ቀን ምሳ ላይ ተመልሶ አይመጣም። ይህን ወጥ ሠሪዋ ታውቃለች። እንግዲህ አስተናጋጁ ትእዛዛችሁን ወጥ ቤት ባደረሰበት ደቂቃ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ እናንተ ዘንድ የደረሰው ግን ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው። እኔ በነበርኩበት ቤት ለዚህ ያደረግነው ነገር ቀላል ነበር። በወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን፤ ወጥ ሠሪዋ ያለቀውን በጠመኔ ትጽፋለች፤ አስተናጋጅ ወደ እንግዳ ከመሄዱ በፊት አይቷት ያልፋል። ከዚያ ወዲያ «አልቋል» የሚለው ቃል ከትእዛዝ በኋላ ሳይሆን «ምን ልታዘዝ?» ከመባሉ ጋር አብሮ መነገር ጀመረ።

ከእናንተ በኋላ ገብተው ቀድመው የበሉት ሰዎች ምናልባት ሽሮ ያዘዙ፣ ወይም በስልክ ቀድመው ያሳወቁ ይሆናሉ። ወጥ ቤቱ አላዳላ ይሆናል። ግን እናንተ ይህን በምን ታውቃላችሁ? ምክንያቱ የተነገረው ሰው ግማሽ ሰዓት በጨዋታ ያሳልፋል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምክንያቱን ራሱ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው መልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ንቀውን ነው።» በሥራ ዘመኔ ጨው የበዛበት ወጥ ይቅር ሲባል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ይቅር ሲባል ብዙ አይቻለሁ። ሰው ቂም ይዞ የሚወጣው ሊነገረው ሲገባ ሳይነገረው በቀረ ነገር ነው።

እኔም በድያለሁ። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ፣ አንድ ሰኞ፣ ከሰኞ ገበያ የመጡ አንድ አዛውንት ሻይ ጠጥተው ፍርፍር አዘዙኝ። «መጣሁ አባባ» አልኳቸው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ትእዛዛቸውን ወጥ ቤት ሳላደርስ ረሳሁት። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። አልጠሩኝም፣ አላጨበጨቡም። ባየኋቸው ጊዜ የሻዩን ሂሳብ ከብርጭቆው ሥር አድርገው ሊነሱ ነበር። «ልጄ፣ አልሰማሽኝም መሰለኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይህን ጊዜ ረስቼው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መጣሁ» ማለትን ተውኩ። በምትኩ ቁጥር መናገር ጀመርኩ፦ «ጥብሱ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ እስከዚያ ሻይ ላምጣ?» ደቂቃው ሲያልፍ ባዶ እጄንም ቢሆን ተመልሼ ሌላ ቁጥር እናገራለሁ። ተመልሶ መምጣቱ ከቁጥሩ ይበልጣል።

አንተ አሁን ምን ታደርጋለህ? ደሴ ስትመጣ 9 ሰዓት ገደማ፣ አዳራሹ ሲራቆት፣ የቤቱን ባለቤት አግኝተህ ለእኔ የጻፍከውን እንዳለ ንገረው። አስተናጋጁን በሰው ፊት አታሳጣው፤ ምናልባት ማንም አላስተማረው ይሆናል። እናትህን ወደዚያ ቤት ለመመለስ አትጫን። ባልደረቦችህ ዳግም ከመጡ ግን እናትህ እቤታቸው ቡና ያፍሉላቸው። አቦሉን በእጃቸው «ጀባ» ብለው ሲያቀብሉ፣ እንግዶቹም በረካውን ጠጥተው መርቀው ሲነሱ፣ የዚያ ቀን ምሳ ያን ጊዜ ከሆዳቸው ይወጣል።

«እትዬ፣ ኮምቦልቻ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ስሠራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሚከብደኝ ዓርብ ነው። ከጁምዓ ሶላት የሚወጣው ሰውና በያይነቱ የሚበላው ጿሚ በአንድ ሰዓት ይገባል፤ እኛ ሦስት ነን። ሰው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ ቀሚሴን የሚጎትትም አለ። ባለፈው ወር ደግሞ ስድስት ሰዎች ሳይከፍሉ ወጡና ሂሳቡ ከደመወዜ ተቆረጠ። ፊቴን ማፍካት ያቃተኝ ቀን በዝቷል። ምን ላድርግ?»
አስተናጋጇ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ከገንዘቡ ልጀምር፤ እሱ ሕግ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ደስ ስላለው ብቻ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስትቀጠሪ የፈረምሽው ወረቀት ካለ አውጥተሽ አንብቢው። ከሌለ ይህንኑ ለባለቤቱ በእርጋታ ንገሪው፤ ለብቻሽ ሳይሆን ከሁለቱ ባልደረቦችሽ ጋር ሆነሽ።

ማጨብጨብ በአገራችን የቆየ መጥሪያ ነው፤ የሚያጨበጭብ ሁሉ ሊያዋርድሽ አይደለም። አብዛኛው የሚያጨበጭበው አላየችኝም ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስለዚህ እጅሽ በትሪ ሲሞላ ዓይንሽን ስጪው። ሳትቆሚ፣ በአገጭሽ አመልክተሽ፣ «አይቼዎታለሁ፤ ከዚህ ቀጥሎ እርስዎ ጋ ነኝ» በይ። ዓርብ ዕለት ይህች ቃል ብቻ ግማሹን ጭብጨባ ስታስቀር አይቻለሁ። ግን የተናገርሽውን ቅደም ተከተል እንዳታፈርሺው።

ቀሚስ መጎተት ሌላ ነገር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በይና ሰው በሚሰማው ድምፅ «እጅዎን ይሰብስቡ» በይ። ከዚያ ወደዚያ ጠረጴዛ አትመለሺ፤ ኃላፊው ይሂድ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ለሚለጥፉ ባለቤቶች ደግሞ የምለው አለኝ፦ አስተናጋጃችሁ ተነክታ ዝም ካላችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለች እናት፣ እህት፣ ሚስት ሁሉ አይታችኋለች። እሷም ደንበኛ ናት።

«የሂሳብ ወረቀቱ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ አለ። ከዚያ በላይ ጉርሻ መስጠት አለብኝ?»
ተመጋቢ፣ ከደሴ

15 በመቶው ታክስ ወደ መንግሥት የሚሄድ ነው፤ ሊሰበስበውም የሚችለው ለታክሱ የተመዘገበ ቤት ብቻ ነው። የአገልግሎት ክፍያው፣ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ፣ የቤቱ ነው። ሁለቱም የሚጨመሩበት ቤት ከሆነ፣ ሜኑው ላይ 300 ብር ያዩት ምግብ 379 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ ታክሱ የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ስለሚሰላ። ቤቱ ይህን በሚነበብ ፊደል ከሜኑው ላይ ሊጽፈው ይገባል፤ ካልጻፈው ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። ጉርሻ በፈቃድ ነው። የሚሰጡ ከሆነ በእጅ ይስጡ፤ ከምግቡ ሂሳብ ጋር ደምረው በቴሌብር ለቤቱ የላኩት ጉርሻ ካስተናገደችዎ ልጅ እጅ መድረሱን በምን ያውቃሉ?

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ አብረን የምንሠራ ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ አምስታችን ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን። አንዱ ሊያገባ ስለሆነ ልንጋብዘው አስበናል። ማንም ሳይሳቀቅ በአንድ ጠረጴዛ እንድንበላ ምን ዓይነት ቤት እንምረጥ?»
ስምንቱ፣ ከኮምቦልቻ

የአባቴ ወገን ክርስቲያን፣ የእናቴ ወገን ሙስሊም ነው። በእኛ ቤት ድግስ ሲሆን ሁለት በግ ይታረዳል፤ በሁለት እጅ፣ በሁለት ቢላ። ሁለት ድስት ይጣዳል። ዳሱ ግን አንድ ነው፣ ጨዋታውም አንድ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ድስቱን አናየውም፤ ማመን ያለብን የአስተናጋጁን አፍ ነው።

ስለዚህ አንዳችሁ በዋዜማው ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ፤ ገበታ ላይ ሆናችሁ አይደለም፣ ማንም ሃይማኖቱን በሰው ፊት እንዲያስረዳ አይገደድ። የምትጠይቁት ይህን ነው፦ የሙስሊምም የክርስቲያንም ሥጋ አለ ወይ? መክተፊያውና ቢላው ለየብቻ ነው? መጥበሻውና ጭልፋውስ? ወጥ ቤቱ ሁለት ከሆነ በኩራት ያሳዩአችኋል። «ምንም አይደል፣ አንድ ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከማውቃቸው በደሎች ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። የማይበላውን ሳያውቅ የበላ ሰው ሂሳቡ ቢመለስለት ምን ይጠቅመዋል? ለጾም የመጣ ምስር ቅቤ በነካ ጭልፋ ሲጨለፍም ነገሩ ያው ነው።

ቀኑን ረቡዕና ዓርብ አታድርጉት፤ ሦስቱ ጿሚ ከሆኑ ይቸገራሉ። ረመዳን ከሆነ ከአፍጥር በኋላ ተገናኙ። ሌላው ጥሩ መንገድ ዓሣ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለው ከሐይቅ የሚመጣ ትኩስ ዓሣ የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ፣ የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ አይነሳም፤ ስምንታችሁም ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። ሲጠበስ ግን ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን አሳስቡ።

ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ፤ አይጠየፍ ይባላል። በልጅነቴ ስሙን ስሰማ ሁሉም ያገኘውን አብሮ የሚበላበት ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሥራ ካረጀሁ በኋላ የገባኝ አለመጠየፍ ማለት ለእያንዳንዱ የሚበላውን አውቆ ማቅረብ መሆኑ ነው።

«ኮምቦልቻ ያለኝ ትንሽ ምግብ ቤት ተሳክቶልኛል፤ አሁን ደሴ ሁለተኛ ልከፍት ነው። ልጆቼ ትልቅ ድምፅ ማጉያና ቴሌቪዥን ይገዛ ይላሉ። እርስዎ ገንዘቡን ምን ላይ ባውለው ይላሉ?»
ነጋዴው፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰው ሲወጡ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተዋል፤ እዚህ ላይ ሰው የሚቀመጠው ሌላ ዓይነት ነው። ኮምቦልቻ የሚገባ እንግዳ ጥላና ነፋሻ ቦታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። ደሴ የሚገባው የበሩ ብርድ የማይደርስበትን ጥግ ነው በዓይኑ የሚፈልገው። የመጀመሪያውን ገንዘብ በሩ ላይ ያውሉት፤ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር አዳራሹ እንዳይበርድ ሁለተኛ በር ወይም ወፍራም መጋረጃ ይሥሩለት።

ቀጥሎ ሳህኑ። ኮምቦልቻ በብረት ሳህን የሚያቀርቡትን የበግ ጥብስ ደሴ ላይ እንደዚያው ቢያቀርቡት፣ እንግዶቹ ሰላምታ ሳይጨርሱ ስቡ መርጋት ይጀምራል። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ነጣ ይላል፣ ከዚያ እንጀራው ላይ ይጋገራል፣ በመጨረሻም ላንቃ ላይ ይቀራል። ወጥ ሠሪዎ ምንም ያህል ብትጠበብ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ስብ ነው። ጥብሱን ከሰል ባለበት ሸክላ ያቅርቡ፤ ግን አደራ፣ የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ለብርዱ ብለው መስኮቱን ሁሉ አይጠርቅሙ፤ ከላይ በኩል አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑር።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ውሃ በጠፋ ቀን እጅ መታጠቢያው እንዳይደርቅ በቂ ሮቶ ያስተክሉ፤ ከመታጠቢያው ላይም ትንሽ የውሃ ማሞቂያ ያስገጥሙ። ደሴ ላይ እጁን በሞቀ ውሃ የታጠበ ሽማግሌ ያን ቤት ለሰው ሁሉ ነው የሚያወራው። መጸዳጃ ቤቱ መብራት፣ ሳሙናና ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው። ሴቶች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው፤ ቤተሰብ ይዘው ዳግም ይምጡ አይምጡ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው።

ሜኑውን ያሳጥሩት። 60 ዓይነት ጽፎ አርባውን «የለም» ከማለት፣ ሁልጊዜ የሚገኙ 12 ምግቦች ይበቃሉ።

ልጆችዎን አያስቀይሟቸው፤ ሙዚቃ ይኑር። የወሎ ቤት ያለ አምባሰልና ያለ ባቲ አይሆንም። ነገር ግን የሲሚንቶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፅ መልሰው ይወረውራሉ፤ ትልቅ ማጉያ ሲጨመርበት ሰው ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ከእሱ በላይ ይጮኻል። ድምፁን ሲያስተካክሉ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ያስቀምጡና ሳያጎነብሱ መደማመጥ መቻላቸውን ይዩ፤ ከሁለቱ አንዱ ዕድሜው የገፋ ይሁን። ሲጋራ ማጨስ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በምግብ ቤት ውስጥ የተከለከለ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስከብሩት፣ በኋላ ማስለመድ ይከብዳል።

በመክፈቻው ሳምንት ግማሹን ጠረጴዛ ብቻ ይዘርጉ። አዲስ አስተናጋጅ አሥር ገበታ ላይ ቃሉን መጠበቅ ከለመደ ሃያውም አያቅተውም። ቀኑ ሲቆረጥ ይጻፉልኝ፤ በጠዋት እመጣለሁ፣ ቅቅሉ ሲጣድ ማየት እፈልጋለሁ።